ጥግ ይዘህ ከቆምክ ማን ይመሰክርልሃል? ፍራተርኒቲ ለመግባት ላሰበ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ20 ዓመት ወጣት ነኝ። ከቤተሰቤ ጋር በዲቪ ወደ ቨርጂኒያ ከመጣን አራት ዓመት ሆኖናል። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ልጀምር ነው። ዘንድሮ ፍራተርኒቲ (የወንድ ተማሪዎች ማኅበር) መግባት እፈልጋለሁ። ያሰብኩት ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ የዶርም ጓደኛዬ አባል የሆነበት ቤት፣ ሌላው ከጥቁሮቹ ፍራተርኒቲዎች አንዱ። አምና የጓደኛዬ ቤት ራሽ (የአዲስ አባላት መመልመያ ምሽት) ላይ ሄጄ ነበር፤ በጨዋነት ጥግ ይዤ ቆሜ፣ ምግብም ሳልነካ ተመለስኩ። የጠራኝ የለም። እንግሊዝኛዬ አክሰንት አለው፣ አልጠጣም፣ ስለ ራሴ ማውራትም ያሳፍረኛል። ምን ልልበስ? ስጦታ ይዤ ልሂድ? አዲስ ገቢዎች ላይ የሚደረገውን ፈተና እንደምችለው ባሳያቸውስ? እናቴ ደግሞ ‹የምስጢር ማኅበር ነው፣ እንዳትነካው› ብላኛለች።»

ምላሽ፦

መጀመሪያ የተምታታውን እንለይ። ሁለቱን ድርጅቶች በአንድ ስም ጠራሃቸው እንጂ ሰው የሚቀበሉበት መንገድ ፈጽሞ አይገናኝም። ከአገላለጽህ የጓደኛህ ቤት፣ ማለትም ፍራተርኒቲው፣ በካምፓሱ ኢንተርፍራተርኒቲ ካውንስል (የፍራተርኒቲዎች ምክር ቤት) ሥር ካሉት አንዱ ይመስላል። እዚያ በራሽ ሰሞን በሩ ክፍት ነው፤ ልትገባ እንደምትፈልግ በግልጽ መናገር ይጠበቅብሃል፣ ነገሩም ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ያልቃል። ዲቫይን ናይን በሚባሉት ዘጠኝ ታሪካዊ የጥቁሮች ድርጅቶች ዘንድ ግን ፍላጎትህን አደባባይ ማውጣትህ ራሱ ትዝብት ላይ ይጥልሃል፤ መተዋወቁም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይወስዳል። በአንደኛው የሚያስወድድህ ጠባይ በሁለተኛው ያስጥልሃል። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

ከጓደኛህ ቤት እንነሳ። አምና ያልጠሩህ ስላልወደዱህ ሳይሆን ስላላወቁህ ነው። የራሽ ምሽት አብቅቶ እንግዶቹ ሲበተኑ አባላቱ ይሰበሰቡና የመጡትን ልጆች ስም አንድ በአንድ እያነሱ ይነጋገራሉ። «ይሄን ያነጋገረው ማነው?» ይባላል። አንዱ ተነስቶ «እኔ፤ ለእናቱ ሱቅ የሒሳብ አፕ የሠራላት ልጅ ነው፣ ኳስም ይጫወታል» ካለ ስሙ ለቀጣዩ ምሽት ያልፋል። ማንም ካልተነፈሰ ያለ ክርክር ይወርዳል፤ በትልልቅ ካምፓሶች መቶዎች ስለሚመጡ በዝምታ የታለፈን ስም መልሶ የሚያነሳ የለም። እቁብ ለመግባት ዋስ እንደሚያስፈልግ ሁሉ እዚህም አንተ በሌለህበት ስለ አንተ የሚናገር ሰው ያስፈልግሃል። ጓደኛህ አንዱ ዋስህ ነው፤ ግን የአንድ ሰው ድምፅ፣ ያውም የዶርም ጓደኛ ድምፅ፣ እንደ ውለታ ስለሚታይ ብቻውን አይበቃም። ግብህ ቤቱን በሙሉ መማረክ አይሁን። ሦስት አራት አባላት ስለ አንተ አንድ አንድ የተጨበጠ ነገር እንዲያስታውሱ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አስተዳደግ መሰናክል ይሆናል። ሐበሻ ተማሪ እንዲህ ያለ ቦታ ሲቸገር ጉድለቱ ከእንግሊዝኛው እምብዛም ሆኖ አላየሁም፤ ብዙ ጊዜ የጨዋነቱ ውጤት ነው። ታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ፣ ካልተጠየቁ አለመናገር፣ «ሌላው ያመስግንህ እንጂ አፍህ አይደለም» መባባል ለእኛ የአስተዳደግ ምልክት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዓይኑን የሚሰብር ልጅ መሄድ የፈለገ ይመስላል፤ ዝም ያለ ልጅም የናቃቸው። ምግቡን ተመልከት። እኛ ቤት «ብላ» ስትባል አንዴ ሁለቴ እምቢ ትላለህ፣ ባለቤቱም «በሞቴ» ብሎ ያጎርስሃል። አሜሪካዊው ግን «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ስትለው ያልከውን እንዳልከው ይወስደውና ሳህኑን ይዞ ይሄዳል። አንተ ሳትበላ ተመለስክ፤ እሱ ደግሞ ያቀረበውን የማይቀምስ፣ ለመቀላቀል የማይፈልግ ልጅ አየ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።

ስለዚህ ስትገባ ጥግ አትያዝ። በር ላይ የቆመው አባል ዘንድ ሄደህ እጅህን ዘርጋ፣ ስምህን ንገረው፣ የእሱን ጠይቅ። ስምህን ለማሳጠር ብለህ «ማይክ» ወይም «አቢ» አትሁን፤ ካስቸገራቸው ሁለቴ በዝግታ በለው፣ እነሱም ይለምዱታል። በሁለተኛው ምሽት በሌላ ስም ከመጣህ ያስታወሰህ ሰው እንኳ ይጠፋብሃል። የእነሱን ስም ካልሰማህ ሳታፍር ድገሙልኝ በል፤ ማስደገም ነውር አይደለም፣ ስም ሳያውቁ ግማሽ ሰዓት ማውራት ግን ነውር ነው። አክሰንትህ የምትፈራውን ያህል ጉዳይ አይሆንም። የሚያስቸግረው አንገት ደፍቶ በለሆሳስ መናገር ነው። ሙዚቃ በተከፈተበት ሳሎን እዚያው ተወልዶ ያደገውም ካላጎላ አይሰማም።

«ስለ ራስህ ንገረን» መባሉ አይቀርም። ባዶህን ሄደህ መልሱን እዚያ መፈለግ አትጀምር፣ ቤት ሆነህ አስብበት። ራስን ማመስገን አይደለም የሚጠበቅብህ። ስለምትሠራው ነገር መናገር ስለ ማንነትህ ከመናገር ይቀላል፣ ለእኛ ሰው ደግሞ አያሳፍርም። «ታታሪ ነኝ፣ መሪ ነኝ» ያለ ሁሉ ይረሳል። «ቅዳሜና እሁድ አክስቴ ሬስቶራንት ነው የምሠራው፣ ትዕዛዝ መቀበያውን ኮምፒውተር ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ» ያለ ይታወሳል። ከዚያ አንተም በተራህ ጠይቀው፤ እሱስ ለምን እዚህ ቤት ገባ፣ አምና ከሠሩት የወደደው ምንድን ነው፣ ያልወደደውስ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ሁለት ሥራ ትሠራልሃለች፤ ከተለመደው ወሬ ታወጣችኋለች፣ አንተም ስለ ቤቱ ከማስታወቂያው ላይ የማታገኘውን ትሰማለህ። ስለ ሴት ወይም ስለ ፓርቲ ብቻ የምትጠይቅ ከሆነ እንደዚያው ትታወሳለህ።

አንዱ ዘንድ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየህ ማለት በቂ ነው። ሲሰናበቱህ አትከተላቸው፣ ወደ ሌላው እለፍ። ስልክህን ኪስህ ውስጥ አድርገው። ከእንግዶቹም ጋር ተዋወቅ፤ አባላቱ ሌላውን እንግዳ እንዴት እንደምታስተናግድ ያያሉ፣ ብቻውን የቆመን ልጅ ወደ ጨዋታው ያስገባ ሰው ደግሞ ዓይን ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ግቢ ውስጥ ስታገኛቸው በስማቸው ሰላም በል። ከሁሉም በላይ ተመልሰህ ሂድ። አንድ ምሽት ብቻ መጥቶ የቀረ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሌላ ቤት መርጦ እንደሄደ ይቆጠራል። አንተም አምና ያደረግከው ይኸንኑ ነው።

ልብሱ እዚህ ላይ ያን ያህል አያስጨንቅ። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ንጹሕ ሸሚዝና ደህና ሱሪ ይበቃል፤ ጥሪ ይዘህ በምትሄድበት የመጨረሻው ምሽት ኮትና ክራቫት ሊባል ይችላል፣ ግብዣው ላይ ይጻፋል። ስጦታ ፈጽሞ አትውሰድ። እኛ ባዶ እጅ ሰው ቤት መሄድ ይከብደናል፤ እዚያ ግን መደለያ ይመስልብሃል፣ የተቀበለውንም ያሳቅቀዋል።

አለመጠጣትህን እንደ ጉድለት አትቁጠረው። የአሜሪካ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ ይከለክላል፤ አንተ 20 ነህ። አብዛኞቹን ቤቶች የሚያስተባብረው የሰሜን አሜሪካ ኢንተርፍራተርኒቲ ጉባኤ አባል ድርጅቶቹ የቅበላ ዝግጅታቸውን ያለ መጠጥ እንዲያደርጉ ያዛል፤ ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ደግሞ ከ15 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ በቤቶቹ ውስጥ ከልክሏል። (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስለዚህ ራሽ ላይ ውስኪ ከወጣልህ፣ ያ ቤት የገዛ ሕጉን እየጣሰ ነው ማለት ነው፤ ስለ እነሱ አንድ ነገር ተማርክ። «አልጠጣም» ካልክ በኋላ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ ኮካ ያዝና ወሬህን ቀጥል። ደጋግሞ ቢያስገድድህ አልጠጣም ባይነትህን አትለውጥ፣ የምትቆምበትን ቦታ ለውጥ። ጾምም እንደዚሁ ነው። የመስከረሙ ራሽ ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋለ በርገሩ ይቀርብሃል፤ «ዛሬ እጾማለሁ፣ ድንቹን ግን አልተውም» ብትል ነገሩ በሳቅ ያልፋል፣ ምናልባትም አሥር ደቂቃ የሚያወራ ርእስ ይሆናል። ረመዳን የሚጾም ተማሪም በስፕሪንጉ ቅበላ ይኸው ይገጥመዋል፤ ለአንዱ አባል አስቀድሞ መንገር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሐበሾች ሲሳሳቱ አያለሁ። የዲቫይን ናይን ድርጅቶች የተፈጠሩት ጥቁር ተማሪ ከነጮቹ ቤቶች በሕገ ደንብ ጭምር በሚገለልበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው አልፋ ፋይ አልፋ በዲሴምበር 1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ካፓ አልፋ ሳይ በ1911 ኢንዲያና፣ ኦሜጋ ሳይ ፋይ በዚያው ዓመት ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋይ ቤታ ሲግማ በ1914 እዚያው ሃዋርድ፣ አዮታ ፋይ ቴታ በ1963 ባልቲሞር በሞርጋን ስቴት ተከተሉ፤ ከዘጠኙ የቀሩት አራቱ ደግሞ የሴቶች ናቸው። የጋራ ምክር ቤታቸው በ1930 ሃዋርድ ላይ ተቋቋመ። ማርቲን ሉተር ኪንግና ዳኛ ተርጉድ ማርሻል አልፋዎች ነበሩ፤ የጋናው ንክሩማና የናይጄሪያው አዚኪዌ የፋይ ቤታ ሲግማ ሰዎች ናቸው። ይህን ማወቅ ለፈተና አይደለም። አባላቱ በ20 ዓመታቸው የገቡበትን ድርጅት በ60 ዓመታቸውም ይከፍሉለታል፣ ይሠሩለታል፤ ከተመረቁ በኋላ የሚያገለግሉበት የምሩቃን ቻፕተር (ቅርንጫፍ) አላቸው። የካምፓስ መዝናኛ አድርጎ የቀረበን ሰው ወዲያው ያውቁታል።

ስለዚህ አቀራረቡ ይለያል። ልትገባ እንደምትፈልግ ለዶርሙ ሁሉ አታውራ፣ በኢንስታግራም አታውጣ፣ ዝግጅታቸው ላይ የእነሱን ቀለም ለብሰህ አትሂድ። የእጅ ምልክታቸውን፣ ጩኸታቸውንና የጭፈራ ሰልፋቸውን አታስመስል፤ የስማቸው የግሪክ ሆሄ ያለበትን ልብስ በስጦታ ብታገኝ እንኳ አትልበስ። እነዚህ ሁሉ በአባልነት የሚገኙ ናቸው፤ ቀድሞ የነካቸው እንደ ደፋር ይታያል። ይልቅ ሕዝባዊ ዝግጅታቸው ላይ ተገኝ፤ የደም ልገሳው፣ የመራጮች ምዝገባው፣ የሕፃናት ማስጠናቱ። መጥተህ ወንበር ደርድር፣ ሲያልቅም ሰብስብና ሂድ። ይህ ሴሚስተር ሙሉ ሲደጋገም ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል። ከአንድ ሁለት አባላት ጋር ከተቀራረብክ በኋላ ስለ ድርጅቱ ይበልጥ ማወቅ እንደምትፈልግ አንዱን ለብቻው አጫውተው፤ ከዚያ በላይ አትግፋ። ለፍላጎት ያላቸው ሰዎች ይፋዊ ስብሰባ ሲጠራ ሙሉ ልብስ ለብሰህ፣ ከሰዓቱ ቀድመህ ተገኝ። በሐበሻ ሰዓት የደረሰን ሰው የሚቀበለው የተዘጋ በር ነው።

ትዝብቱ እንዳለ ሆኖ የወረቀቱ መስፈርት ጠንካራ ነው። ብዙዎቹ ከ2.5 ያላነሰ ጂፒኤ፣ የተጠናቀቀ የትምህርት ጊዜ፣ የበጎ አድራጎት ሥራ ማስረጃና ከአባላት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ጂፒኤህን አልነገርከኝም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዘንድሮ የሚሻልህ ቤተ መጻሕፍት ነው። አንዳንድ ቻፕተር በየዓመቱ ቅበላ እንደማያደርግም እወቅ፤ ያ ዓመት ካለፈህ መጠበቅ ነው፤ ከተመረቅህ በኋላም በምሩቃን በኩል የመግባት ዕድል አለ።

አንዲት ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ከዚህ የበለጠ በር የሚዘጋ ነገር አላየሁም። «እኔ እንኳ ኢትዮጵያዊ ነኝ እንጂ ጥቁር አሜሪካዊ አይደለሁም» የምትለዋን አረፍተ ነገር፣ አንተ አገርህን ለመግለጽ ብለህ ብትናገራትም፣ ሰሚው «ከእናንተ እለያለሁ» ብሎ ነው የሚሰማት። የትውልድህን ታሪክ መደበቅ የለብህም፤ አያያዙን እወቅበት። ኢትዮጵያና ሃዋርድ የቆየ ዝምድና አላቸው፤ ሐኪም መላኩ በያን እዚያ ሕክምና ተምረው ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ያስተባበሩ፣ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ያን ጊዜ ሐርለም ውስጥ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጣው ሕዝብ የእነዚህ ልጆች ቅድመ አያቶች ሕዝብ ነው። ስለ ዓድዋ ሃያ ደቂቃ ከምታስረዳቸው ይህን ማወቅህ ይበልጥ ያቀራርባል።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። አባልነት ነጻ አይደለም። በየሴሚስተሩ የሚከፈለው መዋጮ እንደ ቤቱ ከጥቂት መቶ እስከ ከሺሕ ዶላር በላይ ይደርሳል፣ ቤቱ ውስጥ መኖር ካለ ኪራዩ ለብቻ ነው፤ በዲቫይን ናይኖቹ ደግሞ ከባድ የሚባለው የመግቢያው ክፍያ ነው። ቢድ፣ ማለትም የግብዣ ወረቀት፣ ከመፈረምህ በፊት የመጀመሪያውን ዓመት ጠቅላላ ወጪ በጽሑፍ ጠይቅ። ይህን መጠየቅ ግምትህን አይቀንስም። መልስ የማይሰጥህ ገንዘብ ያዥ ካጋጠመህ ግን የእነሱን ግምት አንተ ቀንስ።

«ፈተናውን እንደምችለው ባሳያቸውስ?» ላልከው መልሴ አጭር ነው፤ አታድርገው። ሄዚንግ፣ ማለትም አዲስ ገቢን በመጠጥ፣ በድብደባ፣ በእንቅልፍ መንሳት ወይም በውርደት መፈተን፣ የጀግና መለያ አይደለም። በቨርጂኒያ ጉዳት የሚያስከትል ሄዚንግ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ተጎጂው በፈቃዱ መግባቱ አድራጊውን አያድነውም። በፌብሩዋሪ 2021 ሪችመንድ ውስጥ የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የ19 ዓመት ተማሪ በአንድ ፍራተርኒቲ ምሽት አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውስኪ እንዲጠጣ ተሰጥቶት በማግስቱ ሞቶ ተገኘ፤ በስሙ የወጣው የአዳም ሕግ በ2022 በስቴቱ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለአባላትና ለአዲስ ገቢዎች ሥልጠና እንዲሰጡ አስገደደ። ዲቫይን ናይኖቹ ፕሌጅ የሚባለውን የቀድሞ የአዲስ ገቢዎች ማለማመጃ ሥርዓት በ1990 በይፋ አቁመዋል፤ በድብቅ ግን አልጠፋም። በፌብሩዋሪ 2025 ሉዊዚያና ውስጥ የሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ፖሊስ እንዳስታወቀው፣ ከግቢ ውጭ በተደረገ የመግቢያ ሥርዓት ደረቱን በቡጢ ተመትቶ ሞቷል። ነጭ ጥቁር፣ ትልቅ ትንሽ የሚባል ቤት የለም፤ አደጋው ሁሉም ዘንድ አለ።

ነገሩ «ዛሬ እንገልሃለን» ተብሎ አይጀመርም። መጀመሪያ ምግብ አምጣልኝ፣ መኪናዬን እጠብልኝ ነው፤ ትታዘዛለህ፣ ምክንያቱም ታላቅን መታዘዝ ለምደሃል። ቀጥሎ ሌሊት መጥራት ይመጣል፤ ከዚያ «ለማንም እንዳትናገር»፤ ከዚያ ስልክህን መቀበል። እኛ ዘንድ «ያሳፍረኛል» ብሎ መሄድ ከባድ ነው፤ ይሉኝታችን ወጥመድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ መስመርህን ከመግባትህ በፊት ወስን፤ መጠጥ፣ ምት፣ ስልክ ማስረከብ ወይም የት እንደምትሄድ አለመንገር ከመጣ ትወጣለህ፣ ያን ምሽት ባይሳካልህ በማግስቱ ትወጣለህ። የተጎዳ ሰው ካየህ ቀድመህ 911 ደውል፤ ማን ይቀየማል የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

በአንተ ላይ ደግሞ የሚጨምር ነገር አለ። በዲቪ ስለመጣህ ነገ ዜግነት ታመለክታለህ፤ ማመልከቻው ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ለጓደኛህ በማስጠንቀቂያ የሚያልፍ የመጠጥ ክስ ለአንተ የጠበቃ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት አንተ ነባር ሆነህ ሌላውን ብትፈትን ደግሞ ተከሳሹ አንተ ነህ። ተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ልጅ ይህን ካነበበ እጥፍ ይጠንቀቅ።

ራሽ ከመጀመሩ በፊት ማድረግ ያለብህ አንድ የቤት ሥራ አለ። በዲሴምበር 2024 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ሄዚንግ ፈጽመው የተገኙ ድርጅቶችን ስምና ጥፋት በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ያዛል። ሁለቱንም ድርጅቶችህን እዚያ ፈልግ። ስማቸው አለመኖሩ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም፣ ያልተያዙም አሉና፤ ካለ ግን ነገሩ ለአንተ ያለቀ ነው።

እናትህ የተናገሩት ባዶ ፍርሃት አይደለም። እነዚህ ድርጅቶች የምስጢር ሥርዓትና ቃለ መሐላ አላቸው። ከግሪክ ሆሄ ማኅበራት የመጀመሪያው ፋይ ቤታ ካፓ በ1776 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዊሊያምስበርግ ላይ ሲመሠረት ምስጢራዊ ነበር፤ ዛሬ የትምህርት ክብር ማኅበር ሆኗል፣ ልማዱ ግን ለተከተሉት ተርፏል። ብዙዎቹ ሥርዓታቸውን ከክርስትና ወይም ከጥንታዊ ታሪክ ይቀዳሉ። ችግሩ መሐላውን ከመግባትህ በፊት ማንም አያሳይህም፤ እኔም ልነግርህ አልችልም። ማድረግ የምትችለው በድርጅቱ ውስጥ ያለ የሃይማኖትህን ሰው ፈልገህ «ከእምነትህ ጋር አልተጋጨብህም?» ብለህ መጠየቅ ነው፤ ከዚያ የንስሐ አባትህን ወይም ሼኽህን ማማከር። ያላየኸውን ቃል መማል ኅሊናህን ከከበደው ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብህም፤ ተወው። ከእናትህ ደብቀህ መግባትን ግን አልመክርህም። ሌሊት የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይገባል፣ ከእሳቸው የተሻለ ሰው ደግሞ የለህም።

ሁሉን አሟልተህ ላትጠራ እንደምትችልም እወቅ። የአባትና የወንድም ትስስር ያላቸው ልጆች ይቀድማሉ፣ ቦታው ጥቂት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ራሱን የሚመስለውን ብቻ ይመርጣል፤ ይህን በጥሩ ጠባይ ማሸነፍ አይቻልም፣ መሞከርም አያስፈልግም። ከሆሄያቱ የምትፈልገው ጓደኛና የሥራ መንገድ ከሆነ ወንድና ሴት አብረው የሚገቡባቸው የሙያ ፍራተርኒቲዎች አሉ፤ ለምሳሌ በ1904 የተመሠረተው የምሕንድስናው ቴታ ታው። ለኮምፒውተር ተማሪ ይህ ከትልቁ ቤት በላይ ሊጠቅም ይችላል፤ መግባትህ ግን በካምፓስህ ላይ ባለው ደንብ ይወሰናልና ትምህርትህን እንደሚቀበሉ ጠይቅ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበርም ካለ ተመዝገብ። ሰው ፊት መናገር የምትለማመደው እዚያ ነው፣ ስትሳሳት የሚስቅብህም የለም።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ዘንድሮ መስከረም የጓደኛህን ቤት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ቤት ዙር፤ በየቤቱ ሁለቴ ሂድ፣ ከላይ ያልኩህን አድርግ፣ ቢድ ቢመጣም ወጪውንና የአዲስ ገቢውን ፕሮግራም በጽሑፍ ሳታይ አትፈርም። ወደ ዲቫይን ናይኑ ልብህ ካዘነበለ ግን በሌሎቹ አትፈርም፤ ሁለቱን ማጣመር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፣ ገብቶ መውጣትም ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ ይህን ዓመት ለጂፒኤህና ለበጎ አድራጎት ዝግጅታቸው ስጠው፣ ለማንም ሳታወራ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካላወቅክ ደግሞ አትቸኩል፤ ሦስተኛ ዓመትም የራሽ ሰሞን አለው።